ሼህ ጦሃና ባለ እንባው ትራስ

የመርፌን ቀዳዳ አጥብቦ የእዝነቱን በር ላሰፋው ጌታ ምስጋና ይሁንና፣ በአንዲት አሮጌ የግንብ ከተማ ሼህ ጦሃ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የከተማዋን ስም አንጠራም፤ ከጠራነው የአገሩ ሰው በሙሉ «አያቴ ናቸው» እያለ ይሰለፍብናል። አሮጌነቷን ለመናገር ያህል ግን፣ በግንቧ ላይ የሚሄዱት እንሽላሊቶች እንኳ ምርኩዝ ይይዙ ነበር።

ሼህ ጦሃ ከመክሳታቸው የተነሳ፣ ነፋስ ሲመጣ ሌላው ሰው ጥምጣሙን ሲይዝ እሳቸው የመስጊዱን ምሰሶ ይይዛሉ። ምላሳቸው ግን ከባድ ነበረች፤ ለውሸት አትነሳም። እጃቸው ላይ ጥሬ ከሌለ ዶሮ እንኳ አይጠሩም። «ነገ አላህ ፊት ዶሮዋ ብትከሰኝ ምን እመልሳለሁ?» ይሉ ነበር። በዚህ የተነሳ ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ ምስክር አይቆጥርም፤ «ሼህ ጦሃ ምን አሉ?» ተባብሎ፣ ያሉትን ሰምቶ ይበተናል።

እኝህ ሰው የከበደ አማና፣ ማለትም አደራ፣ ነበረባቸው፤ የመስጊዱ ትልቅ ኪታብ። የሣጥኑ ቁልፍ ከአንገታቸው ከተንጠለጠለ ዘመን ቆጥሯል። የኪታቡ የመጀመሪያ ገጽ ፊደል የለበትም። የጥንት ሠዓሊ ጀነትን እያሰበ የሳለው የአትክልት ሥፍራ ነው፤ ወርቅማ ሐረግ፣ ሰማያዊ ቅጠል፣ ቀይ አበባ። ሐረጉ በሐረግ ላይ ሲጠማዘዝ የሰው ዓይን ይገባና መውጫ ያጣል። አንድ መንገደኛ ጠዋት ማየት ጀምሮ፣ ለከሰዓቱ የአሱር ሶላት ሁለት ጎልማሶች በትከሻው ጎትተው ነው ያወጡት ይባላል።

የዚያ ከተማ ሰው ደግሞ ኩራቱ ትራስ ነው። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ባለቤቱን አይደለም፤ መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ የተደረደረውን ባለ ጥልፍ ትራስ ነው። ትራሱ ካማረ ወጡ ጨው ባይኖረውም ይመሰገናል። ከጠላፊዎቹ ሁሉ የምትበልጠው ሙንተሃ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች በመርፌ ጫፍ የምታሳድግ ሴት ናት። እጇ እንዲህ ነው የማይባል ነበር፤ አንዲት ንብ በጠለፈችው አበባ ላይ አርፋ፣ ማር ብታጣ እየተሳደበች ሄዳለች።

አንድ ቀን ሙንተሃ ወደ መስጊዱ ግቢ መጣች።

«አባባ፣» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «ያን የጀነት ገጽ በትራስ ልብስ ላይ ልጥለፈው?»

ሼሁ ብዙ አሰቡ። «ፊደል ቢኖርበት እንቢ እልሽ ነበር። የአላህን ቃል ማን በጀርባው ይደገፈዋል? አበባ ግን አበባ ነው። ነይ፣ ቆጥረሽ ውሰጂ።»

ሰባት ቀን ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ኪታቡን ገልጠው ያዙላት። እሷም አቡጀዲዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ገጹን ሳትነካ፣ በከሰል ትነድፋለች፤ ለዚህ ቅጠል ሠላሳ ክር፣ ለዚያ አበባ አርባ አምስት እያለች ትቆጥራለች። ሼሁ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይናቸውን ከገጹ ግርጌ ከቀኙ ጥግ ያሸሹ ነበር። እሷ ክር ትቆጥራለችና ይኼን አላየችም።

በሁለተኛው ወር የመጀመሪያው የትራስ ልብስ አለቀ። ሙንተሃ ሼሁ ፊት ዘረጋችው። «ማሻአላህ!» አሉ። ዓይናቸው ከሐረጉ ጋር ወረደ፣ ወረደ፣ ከቀኙ ጥግ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ላይ ጅራት ያላት ቡናማ ጠብታ፣ ከቅጠሉም ከአበባውም በበለጠ ጥንቃቄ በሐር ተጠልፋለች።

«ይቺ...» አሉ።

«እሷማ አሥራ አንድ ቀን ነው የፈጀችብኝ!» አለች ሙንተሃ በኩራት። «ቡናማ ሐር ባጣ ነጩን በሽንኩርት ልጣጭ አፍልቼ ነከርኩ። ኪታብ ላይ ያለውን እኔ ማን ነኝና እቀንሳለሁ?»

ያቺ ጠብታ ከሠዓሊው ብሩሽ አልወጣችም። ከሼህ ጦሃ አፍ ነው የወጣችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦሃ የአሥራ አምስት ዓመት ደረሳ፣ የመስጊድ ተማሪ፣ ሳሉ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ኪታቦቹን ፀሐይ ላይ አውጥቶ እርጥበቱን ማድረቅ የእሳቸው ተራ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ኪታብ አጠገብ አይበላም። ያን ቀን ግን አንዲት ደግ ሴት፣ ቅቤ በበርበሬ ተደርጎ መሐሉ የፈሰሰበት የገብስ ገንፎ ሰጠቻቸው። ገንፎው ይጣራል፤ ደረሳ ደግሞ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለት ልማዱ ነው። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፤ በሦስተኛው ቅቤው ከአገጫቸው ወርዶ ጀነት ላይ ጠብ አለ። ቢጠርጉት ጅራት አበቀለ። ኪታቡን ዘጉት፤ አፋቸውንም አብረው ዘጉ። መምህራቸው ሳያውቁ ሞቱ። ስድሳ ዓመት አለፈ። ቅቤው ደርቆ ቡናማ ሆነ፣ ጦሃም ሸምግለው ሼህ ሆኑ።

አሁን ሙንተሃ ቆማ መልስ ትጠብቃለች። ሼሁ ዝም አሉ።

ዝም ማለታቸው ነው ጉዱ። በዚያ ከተማ ሼህ ሲናገር ትምህርት ነው፤ ሼህ ዝም ሲል ግን ሲር ነው፣ ማለትም ለማንም የማይገለጥ ምስጢር። በአጠገባቸው ደግሞ ሽፋው ቆሞ ነበር። ሽፋው ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጠዋት አፉ ከቤት ወጥቶ ገበያ ሲደርስ እግሩ ገና ጫማ ይፈልጋል።

«አያችሁ!» አለ ሽፋው በግቢው ወዳለው ሰው ዞሮ። «ሼሁ ዝም አሉ! ሲር አለበት! እንባ ነው፤ ወላሂ እንባ ነው። ሠዓሊው ጀነትን ስሎ ሲጨርስ ናፍቆት አስለቅሶት ነው!»

«ኧረ አንተ...» ብለው ጀመሩ ሼሁ።

«ይበቃል ያ ሼህ፣ አይግለጡት! ለእኛ አይገባም!» ብሎ እየሮጠ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠብታዋ «እንባዋ» ተባለች። በማግስቱ አንድ ባላባት ሆዱን ቢያሻሽባት ቁርጠቱ ለቀቀው። በሦስተኛው ቀን ያነከሰች በቅሎ ትራሱን አሽትታ ጨፈረች። በሳምንቱ የመካኖች ሰልፍ ከግንቡ በር አልፎ ወንዝ ደረሰ፤ የፊተኛዋ ሳትወልድ የኋለኛዋ ተራ ያዘች። ሽፋው ባለ እንባው ትራስ እያለ በየገበያው አስለፈፈ። ሙንተሃ ብቻዋን አልችል ብትል ከሰፈሯ አሥራ አንድ ሴቶች ጠርታ አስተማረች፤ አሥራ ሁለት መርፌ ቀኑን ሙሉ እንባ ይጠልፍ ጀመር።

ሼህ ጦሃ እንቅልፍ አጡ። በውስጣቸው ያለችው ነፍስያቸው ግን ጥሩ ጠበቃ ናት። «አንተ ምን አልክ?» ትላቸዋለች። «ምንም። እንባ ያለው ሽፋው ነው። አንተ ዝም ነው ያልከው፤ ዝምታ ደግሞ ሱና ነው።»

አንድ ጠዋት «ዛሬስ እነግራታለሁ» ብለው ወደ ሙንተሃ ቤት ሄዱ። ግቢው በሐር ተሞልቷል፤ ሴቶቹ እየተቀላለዱ ይጠልፋሉ። ትንሿ ልጇ እየሮጠች መጥታ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ይብሉ አባባ፣» አለች ሙንተሃ። «በእርስዎ ዱዓ ነው። ዘንድሮ ልጆቼ የጎረቤት ጭስ አይተው አላለቀሱም። ያቺ እንባ የእኛን እንባ አበሰችልን።»

ሼሁ ዳቦውን ያዙ። እውነቱ ከዳቦው ጋር ጉሮሯቸው ላይ ተፋጠጠ፤ ዳቦው አሸነፈ። መርቀው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ጁምዓ፣ ሕዝቡ ሶላት ሰግዶ ሲወጣ፣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው በመስጊዱ ግቢ ጥላ ሥር ትራሶቹን ደርድረዋል። ከደጋ የሁለት ቀን መንገድ የመጣች ሰኪና የምትባል ሴት ልጇን ታቅፋ ሰውን እየገፋች ገባች። የልጅቱ ሁለት ዓይኖች አብጠው ተዘግተዋል። ሽፋው ከኋላዋ ነው።

«ሼሁ፣» አለች ሰኪና፣ «ጠዋት ሐኪሙ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። እኝህ ሰውዬ 'ምን ሐኪም ያስፈልጋል፣ ልጅሽን እንባዋ ላይ አስተኚያት' ቢሉኝ ወረፋዬን ትቼ መጣሁ። ልጄ ዓይኗ ከተያዘ ዛሬ ስምንት ቀኗ ነው። ሰው ሁሉ እርስዎ አይዋሹም ይላል። አንዲት ቃል ይበሉኝ። እውነት ነው ካሉኝ ትራሱን ይዤ ዛሬውኑ ወደ አገሬ እመለሳለሁ።»

በግቢው ዝንብ እንኳ ክንፏን ይዛ ቆመች።

ሼህ ጦሃ ልጅቱን አዩ። ከዚያ ሙንተሃን አዩ። ሙንተሃ መርፌዋን ይዛ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ከተናገሩ አባት የሌላቸው የሦስት የቲሞች እንጀራ ይቋረጣል። ዝም ካሉ ይቺ ልጅ ጨለማ ይዛ ወደ ደጋ ትወጣለች። ሽፋው ቀድሞ «ዝም አሉ! ሲር...» ሊል አፉን ሲከፍት ሼሁ እጃቸውን አነሱ።

«ገንፎ ነው፣» አሉ።

«ምን አሉ?» አለ ከኋላ ያለው።

«ገንፎ አሉ መሰለኝ፣» አለ ከፊት ያለው።

«የገብስ ገንፎ!» አሉ ሼሁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጠብታዋ የገንፎ ቅቤ ናት። በርበሬም አለበት። የአሥራ አምስት ዓመት ደረሳ ሳለሁ በአማና በተሰጠኝ ኪታብ ላይ እኔ ነኝ ያንጠባጠብኩት። ስድሳ ዓመት ደበቅሁት። እናንተ እንባ ስትሉት አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ውሸት ሆኖ በሐር ተጠለፈ። አስተግፊሩላህ። እህቴ፣ በሽታ የሚያሽረው አላህ ነው፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው። ልጅቱን ወዲህ በይ።»

ብለው ልጅቱን በዚያ ነፋስ በሚወስደው ትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። በሐኪሙ ቤት ወረፋ የያዘው ሰው ሼህ ጦሃን ሲሮጡ ቢያይ የሞት መልአክ ያባረራቸው መስሎት መንገድ ለቀቀ።

በከተማው የሆነውን መናገር ያስቸግራል። የሳቀ በሳቅ ታመመ፤ የተናደደ በንዴት ዳነ። ሆዱን ያሻሸው ባላባት «ገንፎ ነው እንዴ ያሻሸሁት?» ብሎ ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም፤ ደግሞ ይግረማችሁ ብሎ ቁርጠቱ ተመለሰበት። ሼሁ የሣጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለመስጊዱ ሽማግሎች ሰጡ። ሽማግሎቹ ተማክረው መለሱላቸው። «በአንድ ጠብታ ስድሳ ዓመት የደነገጠ ሰው ካልጠበቀው ማን ሊጠብቀው ነው?» አሉ።

የትራስ ገዢ ግን እንደ ጉም ተነነ። አሥራ አንዱ ሴቶች ወደየቤታቸው ገቡ። በአራተኛው ቀን ሙንተሃ አርባ የትራስ ልብስ በአንድ ነጠላ ቋጥራ መጣችና ሼሁ ፊት ዘረገፈችው።

«አባባ፣ ገንፎዎን አሥራ አንድ ቀን ጠለፍኩት።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«አያውቁም! ጣቴ ደምቷል። የሽንኩርት ልጣጩን ሳፈላ ጎረቤቴ ወጥ መስሏት እንጀራ ይዛ መጥታለች። ያኔውኑ 'ሙንተሃ፣ ፍቺው' ቢሉኝ በአንድ ከሰዓት እፈታው ነበር። አሁን አርባ ነው! ልጆቼን ሰፈሩ 'የገንፎዋ ልጆች' ይላቸዋል።»

ሼሁ ሰበብ አልፈለጉም። «ስላንቺ የተጨነቅሁ መስሎኝ ነበር፤ የተጨነቅሁት ግን ለገዛ ፊቴ ነው። በዝምታዬ በድዬሻለሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ካላልሽኝም ሐቅሽ ነው።»

ሙንተሃ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አውፍ ማለቱን አስብበታለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከጠብታው ሥር ምን ነበር?»

በስድሳ ዓመት ይኼን የጠየቃቸው አልነበረም። ራሳቸውም ጠይቀው አያውቁም።

«አላውቅም፣» አሉ።

«እንዴት አያውቁም? በእጅዎ ይዘውት አልነበረ?»

«ገንፎውን እንጂ ገጹን መች አየሁት!»

ሙንተሃ ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ኪታቡን አስገለጠች፤ አንገቷን አጎንብሳ ሐረጉን በዓይኗ ተከተለችው። ሐረጉ ወደ ጠብታው ይገባል፤ አይወጣም።

«ጫፉ ላይ የሆነ ነገር አለ፣» አለች ለራሷ። «ፍሬ እንዳይባል፣ ፍሬ ቢሆን ክብደቱ ሐረጉን ባጎበጠው። ቅጠል እንዳይባል፣ ቅጠሎቹ ሁሉ ጥንድ ናቸው። አበባ ነው። ግን ምን ዓይነት አበባ?»

«ጥለፊዋ።»

«ኧረ አባባ! እኔ እድሜዬን ያየሁትን ነው የምጠልፈው። ያላየሁትን እንዴት አድርጌ?»

«ጀነትን ሠዓሊውም አላየም፣» አሉ ሼህ ጦሃ።

ሙንተሃ ቀና ብላ አየቻቸው። አርባውን የትራስ ልብስ መልሳ ቋጥራ ሄደች።

ያን ከሰዓት አሥራ አንዱን ሴቶች ሰበሰበች። ጠብታውን ክር በክር ፈቱት፤ በየትራሱ ጥግ ባዶ ቦታ ቀረ። «እንግዲህ ሁላችሁም የየራሳችሁን አበባ ስጡት፣» አለቻቸው። መጀመሪያ ፈሩ። ኋላ አንዷ የአባቷን ማሳ አስባ የባቄላ አበባ ጠለፈች፤ ጥቁርና ነጭ። አንዷ የተልባ አበባ፣ ሰማያዊ። አንዷ የጠለፈችው ጎመን ይሁን ጽጌረዳ እስከ ዛሬ አልተለየም፤ እሷ ግን «ጽጌረዳ ነው» ብላ ምላለች። ሙንተሃ እንደ ንጋት ሰማይ ከቀይ ወደ ወርቅ የሚሄድ፣ ማንም አይቶት የማያውቅ አበባ ጠለፈች። ስሙን ሲጠይቋት «ጀነት ስገባ እጠይቃለሁ» አለች።

በቀጣዩ ጁምዓ ትራሶቹን ደረደሩ። ሰው በሩቁ ቆሞ ያያል፤ የሚጠጋ የለም። «ገንፎው ወዴት ሄደ?» የሚል ቀልደኛም አልጠፋም። ሙንተሃ ከንፈሯን ነክሳ ታያለች።

ያኔ ሰኪና ከሐኪሙ ቤት መጣች። የልጅቱ አንድ ዓይን በጨርቅ ታስሯል፤ ሌላው ገና አሁን ተከፍቷል። ሐኪሙ «ሁለት ቀን ዘግይታ ቢሆን አልችልም ነበር፤ የታሰረውም ኢንሻአላህ ይድናል» ብሏት ወደ አገሯ ልትመለስ ሼሁን ልትሰናበት ነው። ልጅቱ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና፣ በግቢው ማዶ ካለው ትራስ ላይ ጣቷን ቀሰረች።

«እማ! ተልባ! የኛ ተልባ!»

ሰኪና ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት። ልጇ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አይታ የጠራችው የመጀመሪያ ነገር ነበር። በግቢው ውስጥ ዓይኑን ያልጠረገ አልነበረም፤ ቀልደኛው እንኳ አቧራ ገባብኝ ብሎ ነው። ከዚያም አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ «ይቺ የባቄላ አበባ የእናቴን ማሳ መሰለችኝ» አለ። አንዲት ሙሽራ ደግሞ ስም የሌላትን መረጠች። እንደ እንባው ዘመን ሰልፉ ወንዝ አልደረሰም። የመጣው ግን አበባውን ወዶ መጣ፤ ያንን ትራስ ካልሆነ ሌላ አልወስድም እያለ።

ሽፋውም አልቀረም። «እንደው ከነዚህ አበቦች በረካው የትኛው ላይ ይበረታል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አሥራ ሁለት ሴቶች አሥራ ሁለት መርፌ አነሱ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ አፉን ቀደመው።

ሙንተሃ ወደ ሼሁ ሄደች። «አባባ፣ አውፍ ብያለሁ። ግን ኪታብ አጠገብ ገንፎ ይዘው እንዳላይዎት።»

«ገብስም አልዘራ፣» አሉ ሼሁ።

ከሽማግሎቹ አንዱ ይኼን ሰምቶ «ሼህ ጦሃ፣ ያን ዕለት ሲናገሩ የሴቲቱ ልጆች ይራባሉ ብለው አልፈሩም?» አላቸው።

ሼሁም እንዲህ አሉ፤ «ውሸት ከተቀመጠበት ይነሳ እንጂ፣ ለባዶው ቦታ አላህ የሚተክለው አያጣም።»

ወገኖቼ፣ ይኼን ቃል ቀለል አድርገን አንለፈው። ሼሁ በምላሳቸው አልዋሹም፤ የሚወዳቸው ሰው ነው ዝምታቸውን አስውቦ የጠለፈላቸው። የእኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ነውራችንን ደብቀን ስንኖር ወዳጅ ይመጣና «ይኸማ ትሕትናው ነው፣ ይኸማ ጥበቡ ነው» እያለ በሐር ያስጌጥልናል፤ ባማረ ቁጥር መፍታቱ ይከብደናል። ያኔ ነፍስያ የድኻ ጠበቃ ሆና ትመጣለች፤ «ብትናገር እገሌ ይጎዳል» ትለናለች። ለእገሌ አስባ አይደለም፤ ለፊታችን ነው።

ደግሞ ልብ በሉ። ሼህ ጦሃ «ገንፎ ነው» ሲሉ ከሥሩ አበባ እንደሚወጣ አያውቁም ነበር። የታያቸው የታመመች ልጅና የሚዘጋ ጓዳ ብቻ ነው። አበባው የመጣው ከተናገሩ በኋላ ነው፤ እሱም ከእሳቸው እጅ ሳይሆን፣ የበደሏት ሴት ተቆጥታ ከጠየቀችው ጥያቄ። አላህ እውነት የምንናገርበት ጉልበት ይስጠን፤ ስንዘገይ ደግሞ የሚቆጣንና የሚጠይቀን ሰው አያሳጣን። አሚን።